ሞባይል ጠጋኙን ጠይቁ፦ ከመንዝ ውርጭ እስከ ሸዋሮቢት ሙቀት

ጠጋኙ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሞባይል ስጠግን አሥራ አራት ዓመት አልፎኛል። ዛሬ እሑድ ስለሆነ ሱቁ ዝግ ነው፤ እስኪመሽ ድረስ ያላችሁን ጠይቁኝ። አስቀድሜ ግን ልለምናችሁ። የስልኩን ሞዴል ጻፉ። «ስልኬ አይሠራም» ብቻ ብሎ የሚጽፍ ሰው ሐኪም ቤት ገብቶ «አሞኛል» ብሎ ዝም እንዳለ ይቆጠራል። ደግሞ ያበጠ ባትሪ ያለው ሰው ባትሪውን አይውጋው፣ አይጫነው፣ አይሙላው። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እንደምለው አውቃለሁ።

የጫጫ ልጅ፦ ስልኬ አይሠራም። ምን ላድርግ?

ጠጋኙ፦ ከላይ የጻፍኩትን አንብብ።

ወተት አመላላሽ፦ ጋሼ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ ወተት ለማኅበሩ አደርሳለሁ። ከቤት ስወጣ ባትሪው 40 በመቶ ነበር፤ መንገድ ላይ ስልክ ልደውል ስል ድርግም ብሎ ይጠፋል። ቤት ተመልሼ እሳት ዳር ሳስቀምጠው ሳልሞላው ይነሳና 35 ያሳያል። ሰይጣን ነው ወይስ ባትሪ?

ጠጋኙ፦ ሞዴሉን ባትጽፍም ጥያቄህ እንዲህ ጥርት ያለ ስለሆነ ምሬሃለሁ። ሰይጣንም አይደለም፣ ባትሪውም አልሞተም። በርዶት ነው።

ስልካችን ውስጥ ያለው ሊቲየም አዮን ባትሪ ነው። ኃይል የምናገኘው ሊቲየሙ በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ከወዲያ ወዲህ ሲመላለስ ነው። ብርድ ሲሆን ያ ፈሳሽ ይወፍራል፤ ሊቲየሙም ይንቀረፈፋል። በኅዳር ጠዋት ቅቤ ከቅሉ አልወጣ ሲልህ አይተሃል አይደል? ቅቤው አለ፤ መውጣት ግን አልቻለም። ስትደውል ወይም ካሜራ ስትከፍት ስልኩ ብዙ ኃይል በአንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ የቀዘቀዘው ባትሪ ያንን መስጠት ሲያቅተው ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ስልኩ ባትሪው ያለቀ ይመስለውና ራሱን ያጠፋል። ቤት ገብቶ ሲሞቅ 35 ያሳየህ ለዚህ ነው። የትም አልሄደም ነበር።

አፕል ለምሳሌ ስልኮቹ ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው አየር እንዲሠሩ ነው የሚመክረው። እኛ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ተቀምጠናል። አንተ በምትወጣበት ሰዓት ውርጩ ሣሩን ነጭ ካደረገው፣ መሬቱ ላይ ከ0 ወርዷል ማለት ነው። ስለዚህ ስልኩን ከጃኬቱ የውጭ ኪስ አውጣና ከጋቢህ በታች ወደ ደረትህ አስጠጋው። የሰውነትህ ሙቀት ይበቃዋል።

አሁን ዋናው ነገር፦ ከውርጭ የገባ ስልክ ወዲያው ሶኬት ላይ አይሰካም! ከ0 በታች የቀዘቀዘ ባትሪ ሲሞላ ሊቲየሙ ወደ ማደሪያው መግባት ትቶ ከላይ እንደ ብረት ይለጠፋል። ከተለጠፈው ከፊሉ አይመለስም። ባትሪው በየጠዋቱ ትንሽ ትንሽ እየተቀነሰ ይሄዳል፤ በዓመቱ «ስልኩ ድሮም ደካማ ነበር» ትላለህ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቤት ውስጥ ይቆይ፣ ከዚያ ሙላው። እሳት ዳርም አታስቀምጠው።

መንዜው፦ ደብረ ብርሃን ብርድ አለ ነው የምትሉት? መሐል ሜዳ ኑና እንተያይ።

የጠባሴ ልጅ፦ የአገሩን ብርድ ልብስ የምንሠራው እኛ ነን። ያለ ምክንያት ይመስልሃል?

መንዜው፦ ብርድ ልብስ የሚሠራ ሰው ብርድ አልለመደም ማለት ነው። እኛ በርኖሳችንን ከበጎቻችን ጀርባ ላይ ነው የምናወርደው።

የጠባሴ ልጅ፦ ታዲያ ለምንድን ነው በየሳምንቱ ብርድ ልብስ ልትገዛ የምትመጣው?

ጠጋኙ፦ ብርዱን ሌላ ቀን ተከፋፈሉት። መንዜው፣ ስለ በርኖስ ካነሳህ ግን፣ ማታ ስልክህን በምን ላይ አድርገህ ነው የምትሞላው?

መንዜው፦ እንዳይበርደው በበርኖስ እጠቀልለዋለሁ።

ጠጋኙ፦ ጠርጥሬ ነበር። ስልክ ሲሞላ ራሱ ይሞቃል። በበርኖስ ከጠቀለልከው ያ ሙቀት መውጫ ያጣል። ትራስ ሥር አድርጋችሁ የምትሞሉትም እንደዚያው። ቤት ውስጥ ያለ ስልክ ልብስ አይፈልግም፤ ጠረጴዛ ላይ፣ የፕላስቲክ ሽፋኑን አውልቃችሁ ሙሉት።

ባለ ባጃጅ፦ እኔ ሸዋሮቢት ነኝ፣ ብርድ የሚባል ነገር አላውቅም። በሁለት ዓመት ሦስት ባትሪ ቀየርኩ። ስልኩን የባጃጁ መስታወት ሥር አስሬ ሙዚቃ እከፍትበታለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ከባጃጁ ባትሪ ይሞላል።

ጠጋኙ፦ ፀሐይ ከፊት፣ ቻርጀር ከኋላ፣ ሙዚቃ ከውስጥ። ሦስት ምድጃ ላይ ጥደኸዋል። ከደብረ ብርሃን እናንተ ጋ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ የጣርማበርን ዋሻ አልፎ የሚወርድ ሰው ግን ወደ 1,500 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል። እኔ ጋ ከላይኛው አገርም ከታችኛውም ስለሚመጡ ልዩነቱን በእጄ አውቀዋለሁ። ብርድ ባትሪን ያስተኛዋል፣ ሲሞቅ ይመልስልሃል። ሙቀት ግን የወሰደውን አይመልስም። ውስጡ ያለው ፈሳሽ እየተበላሸ ጋዝ ይሆናል፤ ማበጥ የምንለው ያንን ነው። ስልኩን ከፀሐይ አንሳው፣ 80 በመቶ ሲደርስ ንቀለው፣ ሲፈጅህ ደግሞ ፈጽሞ አትሙላው። ውሃ ረጭተህ ወይም ማቀዝቀዣ ውስጥ ከትተህ ላቀዝቅዘው እንዳትል፤ ያደረገ ሰው አውቃለሁ።

ከደብረ ሲና፦ ወንድሜ፣ የእኔ ስልክ ጀርባው በአንድ በኩል ከፍ ብሏል። ሙጫ ይይዘዋል?

ጠጋኙ፦ አይይዘውም! የለቀቀ ሙጫ አይደለም፣ ባትሪው አብጦ ክዳኑን ገፍቶት ነው። አጥፋው። አትሙላው፣ አትጫነው፣ አትውጋው። ነገ ጠጋኝ ጋ ውሰደው፤ እስከዚያ ልጆች ከማይደርሱበት፣ ከሚቀጣጠል ነገር ራቅ አድርገህ አስቀምጠው።

አዲስ ገዢ፦ አዲስ ስልክ ለመጀመሪያ ጊዜ 8 ሰዓት ይሞላል የሚባለው እውነት ነው?

ጠጋኙ፦ አይደለም። ያ የኒኬል ባትሪ ዘመን ምክር ነው። ሶኒ ሊቲየም አዮንን እ.ኤ.አ. በ1991 ገበያ ላይ አውጥቶታል፤ ምክሩ ግን እስከ ዛሬ ሱቅ ለሱቅ ይዞራል። «እስኪጠፋ ጨርሰህ ሙላው» የሚሉትም የዚያው ዘመን ነው። ሊቲየም ዜሮ መውረድን አይወድም። 20 ሲደርስ ሙሉት፣ 80 ላይ ንቀሉት፣ አለቀ።

አስኳላ፦ ለ4 ዓመት ልጄ በቀን ስንት ሰዓት ስልክ ልስጠው?

ጠጋኙ፦ እህቴ፣ እኔ የምጠግነው ስልክ ነው። የልጅ ነገር የሚያውቅ ጠይቂ።

የቡና ቤቱ፦ በ15 ሺህ ብር የትኛውን ስልክ ልግዛ?

ጠጋኙ፦ ዋጋ በየሳምንቱ ይለዋወጣል፤ ዛሬ የምልህ ነገ ያሳፍረኛል። ያገለገለ ከሆነ *#06# ደውልና የሚወጣውን የስልኩን መለያ፣ የአይኤምኢአይ ቁጥር፣ ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያየው። ባለ 15 አኃዝ ነው። ካልገጠመ ጥለኸው ሂድ።

ምእመን፦ ባለፈው ሸንኮራ ዮሐንስ ሄጄ ስልኬ ከኪሴ ወጥቶ ጠበሉ ውስጥ ወደቀ። አውጥቼ ወዲያው ሞላሁት፣ አሁን አልነሳም አለ። ሞዴሉ ጥቁር ነው።

ጠጋኙ፦ «ጥቁር» ሞዴል አይደለም። «ወዲያው ሞላሁት» ያልከው ነው የገደለው።

ከአረርቲ፦ ጠበል ደግሞ ነገር ያበላሻል እንዴ? እምነት ከሌለ ነው።

ጠጋኙ፦ ጠበል ለሥጋና ለነፍስ የተሰጠ ነው። ስልክ ሁለቱም የለውም።

ከአረርቲ፦ ለማንኛውም መፍትሔው ቀላል ነው። ሩዝ ውስጥ ከሚከቱት ጤፍ ውስጥ ቅበረው። ደቃቅ ስለሆነ ሁሉም ቦታ ይገባል። በተለይ የምንጃር ጤፍ።

የአድአው፦ ጤፍ ከተባለማ የአድአ ማኛ ነው።

ከአረርቲ፦ አድአ ስሙ ነው የቀደመው። ምጣድ ላይ ዓይን በዓይን ሲሆን የማን እንጀራ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል።

የአድአው፦ ባልትና የሚያውቅ ፍረዱን እንግዲህ።

ወተት አመላላሽ፦ የእንሳሮ ጤፍስ ማን ረሳው?

ጠጋኙ፦ ጤፋችሁን ለእንጀራ አድርጉት! ሁሉም ቦታ መግባቱ እኮ ነው ችግሩ። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ጤፍ ውስጥ አራት ቀን ያደረ ስልክ አመጡልኝ። የቻርጅ ቀዳዳውን በማጉያ መነጽር ሳየው ሦስት ፍሬ ቀይ ጤፍ ተሰንቅሯል። በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። ሁለቱ አብጠዋል፤ ሦስተኛዋ ነጭ ጭራ አውጥታ በቅላለች። ስልክ ውስጥ ማሳ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሩዝም ያው ነው፤ አፕል ራሱ ፍርፋሪው ስልኩን ሊጎዳው ስለሚችል ሩዝ ውስጥ አትክተቱ ብሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልክን የሚገድለው ውሃው ብቻ አይደለም፤ ውሃው ውስጥ ያለው ማዕድንና ኤሌክትሪክ ሲገናኙ ነው። ከምንጭ የሚወርድ ውሃ ማዕድን አያጣም፤ ኃይል ሲያገኝ መዳቡን በልቶ አረንጓዴ ዝገት ያደርገዋል። ውሃ የገባበት ስልክ ወዲያው ይጥፋ፣ ሲሙ ይውጣ፣ በጨርቅ ይጠረግ፣ ቀዳዳው ወደ ታች ሆኖ ነፋስ ባለበት ይቁም። በፀጉር ማድረቂያ አታሙቁት። በማግስቱም «ደርቋል» ብላችሁ አትሰኩት፤ በዚያው ቀን አምጡት። እኛ ከፍተን ቦርዱን 99 በመቶ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮልና በለስላሳ ብሩሽ እናጥበዋለን። የእጅ ማጽጃው 70 በመቶ አይሆንም፤ የቀረው ውሃ ነው።

ምእመን፦ ታዲያ አሁን የእኔ ይድናል?

ጠጋኙ፦ ሳልከፍተው አልምልም። ፎቶና መልእክት ካለህ ስለ ስልኩ ሳይሆን ስለ እነሱ ጸልይ።

ከዓለም ከተማ፦ መርሐቤቴ ቆላው ውስጥ ስሆን ስልኬ ሳልነካው ግማሽ ቀን አይቆይም። ከተማ ስወጣ ግን ሁለት ቀን ይሄዳል።

ጠጋኙ፦ ጥሩ ጥያቄ፣ ይኸውም የባትሪ ነገር ነው። ገደል ውስጥ ምልክት ሲደክም ስልኩ ማማውን ለመድረስ የሚያሰራጨውን ኃይል ይጨምራል። ጭራሽ ሲያጣው ደግሞ ሲፈልግ ይውላል። ማዶ ላለ ሰው እየጮህክ እንደምትጣራው አድርገህ አስበው። መስመር በሌለበት ቦታ ወደ አውሮፕላን ሁነታ ቀይረው። ደካማ መስመር ካለና የምትፈልገው መደወል ብቻ ከሆነ ከቅንብሩ ገብተህ 2ጂን ምረጥ።

ጡረተኛ መምህር፦ እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። የልጅ ልጆቼ መልእክት ሲጽፉልኝ ሀ፣ ሐ እና ኀን ይደባልቃሉ። የስልኩ ፊደል መጻፊያ ነው ያበላሻቸው?

ጠጋኙ፦ ይቅርታ አባባ፣ የእኔ ሙያ አይደለም።

አስኳላ፦ መጻፊያው ሁሉንም ፊደላት ይዟል፤ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲገባ ሦስቱም «ሀ»ዎች አብረው ገብተዋል። ጣት ቅርብ ያለውን ስለሚመርጥ ነው።

ጡረተኛ መምህር፦ «ሠርግ»ን በእሳቱ «ሰ» የጻፈ ሙሽራ ሰርጌ ላይ እንዳይጠራኝ።

የጠባሴ ልጅ፦ አባባ፣ አሁን «ሰርጌ» ብለው በእሳቱ ጻፉት እኮ።

ጡረተኛ መምህር፦ ጣቴ ነው።

እማማ፦ አንድ ሰው ደወለና የቴሌብር ሽልማት ደርሶዎታል፣ በመልእክት የመጣውን ቁጥር ይንገሩኝ አለኝ። ልንገረው?

ጠጋኙ፦ እንዳይነግሩት እማማ! ዝጉበት። የምስጢር ቁጥርም ሆነ በመልእክት የመጣ ቁጥር ለማንም አይነገርም፤ ለእኔም፣ ለልጅዎም።

አዲስ ገዢ፦ እሺ 8 ሰዓት አይደለም፤ ታዲያ ለመጀመሪያ ጊዜ ስንት ሰዓት ልሙላው?

ጠጋኙ፦ ከላይ አለ። 80። ሰዓት አይቆጠርም።

የቡና ቤቱ፦ ገበያ ላይ የምትሸጡልን ባትሪ ትክክለኛ መሆኑን በምን እንወቅ?

ጠጋኙ፦ «የምትሸጡልን» አትበል፣ እኔ የምሸጠውን መዝኜ ነው። የበርበሬ መመዘኛ ትንሽ ሚዛን ጠረጴዛዬ ላይ አለች። 5000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ተብሎ የተጻፈበት የስልክ ባትሪ ከ60 ግራም ብዙ ከቀለለ እጠረጥረዋለሁ። ኃይል ክብደት አለው፤ ተለጣፊ ወረቀት ግን የለውም። ባለፈው ወር 41 ግራም የሚመዝን «5000» መጥቶልኝ ለነጋዴው መልሼለታለሁ። ፓወር ባንክም 10,000 ሲባል 10,000ውን አትጠብቁ። ውስጥ ያለው ሴል 3.7 ቮልት ነው፣ የሚወጣው 5 ቮልት ነው፤ ተለውጦና በሙቀት ባክኖ 6,000 አካባቢ ከደረሳችሁ ጥሩ ነው።

የጫጫ ልጅ፦ ስልኬ አሁንም አይሠራም።

ጠጋኙ፦ ሞዴሉ?

የጫጫ ልጅ፦ የወንድሜ ነው።

ጠጋኙ፦ እንግዲህ ወንድምህ ይጠይቅ። መሽቷል፣ ልዘጋ ነው።

ከደብረ ሲና፦ ወንድሜ አንድ ጊዜ። ያ ጀርባው ከፍ ያለው ስልክ። ከመልስህ በፊት ድንጋይ ጭኜበት ነበር። አሁን አንስቼ ሳየው ሞቋል፣ እንደ ቀለም ማቅጠኛም ይሸታል። አልጋው አጠገብ ነው።

ጠጋኙ፦ አሁን አውጣው! በእጅህ አትያዝ፤ በአካፋ ወይም በመጥበሻ አንስተህ ወደ ግቢ። ከሣር፣ ከእንጨትና ከኩበት ራቅ አድርገህ አሸዋ ላይ አስቀምጠው። ፊትህን አታስጠጋ፣ ጭሱ መርዝ ነው። ልጆቹን አርቅ።

ከደብረ ሲና፦ አሸዋ የለም። ደረቅ አፈር ይሆናል?

ጠጋኙ፦ ይሆናል። መጻፉን ተውና ሂድ።