ወንድሜን «መጠጥ ነው የገደለው» ይላሉ፤ ከሞት በኋላ ማረጋገጥ ይቻላል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። ብቻውን ይኖር የነበረው የ41 ዓመት ወንድሜ ሞቶ የተገኘው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። በአስከሬን ምርመራ ደሙ ውስጥ ትንሽ አልኮል ተገኘ፣ ጉበቱም ጠጥሯል ተባለ። ለቅሶ የመጣው ሁሉ «አረቄው ነው» ይላል። እኔ ግን በዓል ሲሆን ጠላ ከመቅመስ በቀር ሲጠጣ አላየሁትም። ከልጅነቱ ጀምሮ ጣና ላይ ዓሣ ሲያጠምድ የኖረ ሰው ነው።

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናዎት እህቴ። ሰው ለረጅም ጊዜ ይጠጣ እንደነበር ከሞተ በኋላም ይታወቃል፤ በነገሩኝ በሁለቱ ግኝቶች ብቻ ግን አይደለም።

ከደሙ ልጀምር። አስከሬን ሲቆይ ባክቴሪያና እርሾ በውስጡ የቀረውን ስኳር እያብላሉ አልኮል ይሠራሉ፤ ጋን ውስጥ ያለ ጠላ እንደሚፈላው ነው። በባሕር ዳር ሙቀት ሁለት ቀን ለዚህ ይበቃል። ስለዚህ መርማሪው ከዓይን ኳስ ፈሳሽ በመርፌ ይወስዳል፤ እዚያ ባክቴሪያ ቶሎ አይደርስም። ደሙ ላይ ተገኝቶ ዓይኑ ላይ ከጠፋ፣ አልኮሉ ከሞት በኋላ የተፈጠረ ነው ብለን እንጠረጥራለን። ቢገኝም እንኳ የሚነግረን የመጨረሻዎቹን ሰዓታት እንጂ የኑሮ ልማዱን አይደለም።

ልማዱን የሚናገረው ጸጉር ነው። አልኮል ሰውነት ውስጥ ሲገባ ኢታይል ግሉኩሮናይድ የሚባል ቅሪት ጸጉር ላይ ይተዋል። ጸጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ፣ ከሥሩ የተቆረጠ 3 ሴንቲ ሜትር የሦስት ወር ታሪክ ይይዛል። በአንድ ሚሊግራም ጸጉር 30 ፒኮግራምና ከዚያ በላይ ከተገኘ አብዝቶ ይጠጣ እንደነበር ይጠቁማል፤ ቀለም የተቀባ ጸጉር ግን ቁጥሩን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ደም ውስጥ የሚገኘው ሌላው የአልኮል ቅሪት፣ ፎስፋቲዲል ኢታኖልም፣ ያለፉትን ሁለት እስከ አራት ሳምንታት ያሳያል፤ ናሙናው ቶሎ ተወስዶ ካልቀዘቀዘ ግን ውጤቱ ይዛባል። ለሕያዋን የምናዝዘው ጋማ ጂቲ የሚባለው የጉበት የደም ምርመራ ከሞት በኋላ አይታመንም።

ጉበቱን በተመለከተ፣ «ጠጥሯል» ከሚለው ተነስቶ «ጠጪ ነበር» ማለት ያሳዝነኛል። በአገራችን ጉበት ከሚያጠጥሩት ዋነኞቹ አንዱ የጉበት ቫይረስ ቢ ነው። በጣና ዳርቻ ደግሞ ቢልሃርዚያ አለ፤ ትሉ ውኃ ውስጥ ቆዳ በስቶ ይገባና እንቁላሉ ጉበት ውስጥ ባሉ የደም ሥሮች ዙሪያ ለዓመታት ጠባሳ ይሠራል። ዓሣ አጥማጅ ሆኖ ያደገ ሰው ጉበት ሲታይ ይህ መጠየቅ ነበረበት። በማይክሮስኮፕ ሲታይ የቢልሃርዚያ ጠባሳና የአልኮል ጉበት አይመሳሰሉም።

ወንድምዎ አይጠጣም ነበር ብዬ ልመሰክር አልችልም፤ ሱስ የያዘው ሰው ከቤተሰቡም ይደብቃል። ቢሆንም እንኳ ሱስ ሕመም ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ምርመራውን ያዘዘውን ፖሊስ ሙሉ ሪፖርቱን ይጠይቁ። የጉበት ቁራጭና ጸጉር ተቀምጦ እንደሆነም ያጣሩ፤ በፎርማሊን የተቀመጠ ቁራጭ ዛሬም እንደገና ሊታይ ይችላል። እርስዎና ወንድም እህቶችዎ ደግሞ በአቅራቢያችሁ ባለ ጤና ጣቢያ የቫይረስ ቢ የደም ምርመራና የሰገራ ምርመራ አድርጉ። ቫይረሱ ከሌለባችሁ ክትባት አለው፤ ቢልሃርዚያ ከተገኘም ፕራዚኳንቴል የሚባለው ክኒን ያድናል።