ወገብ ውስጥ ስለሚገባው ኬጅ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ለአከርካሪ ቀዶ ሕክምና የሚሆኑ ዕቃዎችን ዲዛይን ማድረግ ነው። መካኒካል ኢንጂነር ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለዚህ ራጅ አትላኩልኝ። ስለ ዕቃው ግን የፈለጋችሁትን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ለእናቴ «ከፍ ዝቅ የሚል ኬጅ እናስገባላታለን» አሉን። ምንድነው እሱ?

መልስ፦ እግዜር ይማርልሽ እህቴ። በሁለት አከርካሪዎች መሃል ያለው ዲስክ ሲያረጅ ክፍተቱ ይጠባል። ነርቭ የሚወጣበት ቀዳዳም አብሮ ይጠባል፤ እግር ድረስ የሚወርደው ሕመም ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው። ሐኪሙ ዲስኩን ጠርጎ ያወጣና መሃሉ ክፍት የሆነ ትንሽ ሳጥን ያስገባል። ኬጅ የሚባለው ይሄ ነው። ውስጡ የደቀቀ አጥንት ይሞላል። ከወራት በኋላ የላይኛውና የታችኛው አጥንት በሳጥኑ ውስጥ አልፈው አንድ ይሆናሉ። የእናትሽ ዓይነቱ ዝቅ ብሎ ይገባና ቦታው ሲደርስ በብሎን ከፍ ይላል። የመኪና ክሪክ በይው። ለምሳሌ 8 ሚሊ ሜትር ሆኖ ገብቶ 12 ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከመጀመሪያው 12 የሆነውን ማስገባት ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ይቻላል። ዛሬም በብዙ ሆስፒታል የሚገባው ቋሚው ነው። ችግሩ መንገዱ ላይ ነው። ከጀርባ በኩል ሲኬድ በነርቮች መሃል ነው የሚታለፈው። ትልቅ ኬጅ በጠባብ በር ለማስገባት ነርቩን ገለል ማድረግ፣ ኬጁንም በመዶሻ መምታት ይጠይቃል። በተመታ ቁጥር የአጥንቱን ገጽ ሊፍቀው ይችላል። ያ ገጽ ደግሞ ኬጁ የሚቀመጥበት ወለል ነው።

ጥያቄ፦ የመካኒካል ተማሪ ነኝ። ውስጡ እንዴት ነው የሚሠራው?

መልስ፦ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ የተለመደውን ልንገርህ። ሁለት ሽብልቆች አሉ፣ በመሃል አንድ ብሎን ያልፋል። ብሎኑ ሲዞር ሽብልቆቹ ይሳሳቡና የላይና የታች ሳህኖቹን ገፍተው ይከፍታሉ። የፊቱን ብቻ አብልጠህ ከከፈትክ የወገብን ወደ ውስጥ የገባ ተፈጥሯዊ ቅስት ትመልሳለህ። ብሎኑ በራሱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ፣ ማዕዘኑም ትንሽ መሆን አለበት።

እስከዚህ ቀላል ነው። ፈተናው ቦታው ነው። ለብሎንና ለሽብልቅ የሰጠኸው እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ከአጥንቱ የተቀማ ነው። ደግሞም በ8 ሚሊ ሜትር የሞላኸው አጥንት ኬጁ 12 ሲደርስ ከላይና ከታች አየር ይተርፈዋል። አጥንት ያልነካው አጥንት አይያያዝም። ስለዚህ ከተከፈተ በኋላ ተጨማሪ አጥንት የሚገፋበት ቀዳዳ ያስፈልጋል። እኔ አዲስ ስዕል ጠረጴዛዬ ላይ ሲመጣ መጀመሪያ የምፈልገው ይሄን ቀዳዳ ነው። ብዙ ጊዜ የለም።

ጥያቄ፦ ኦርቶፔዲክስ ክፍል እሠራለሁ። ኬጁ አጥንት ውስጥ ሰምጦ አይተናል። ዕቃው ነው ወይስ ሰዉ?

መልስ፦ ሁለቱም፤ ግን ዕቃው ሰዉን ያታልለዋል። ብሎን ትንሽ የእጅ ጉልበትን ትልቅ ኃይል ያደርጋል። ካቻቪቴውን የያዘው ሐኪም ከሚሰማው ውስጥ አብዛኛው የብሎኑ ሰበቃ ነው። አጥንቱ መሸነፍ ሲጀምር እጅ ላይ ለውጥ ላይሰማ ይችላል። እጀታው የተወሰነ ቶርክ (የመጠምዘዝ ጉልበት) ላይ «ቀጭ» ብሎ እንዲለቅ እናደርጋለን። ይረዳል፣ ግን ለ30 ዓመት ጎረምሳ የሚበቃው ቶርክ አጥንቷ ለሳሳ የ70 ዓመት እናት ከመጠን በላይ ነው። የአከርካሪው ገጽ ዳርና ዳሩ ላይ ይጠነክራል፣ መሃሉ ይሳሳል። ጠባብ ኬጅ መሃል ላይ አስቀምጦ መክፈት መስመጥን መጋበዝ ነው። እንደኔ፣ ቁመት ከመጨመር ይልቅ ወደ ጎን መስፋት የበለጠ ዋጋ አለው።

ጥያቄ፦ ከቀዶ ጥገና በኋላ ዕቃ አታንሳ የሚሉን ለምንድነው?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ የጀርመን ጥናት በአንድ ፈቃደኛ ሰው ዲስክ ውስጥ መለኪያ ከትቶ ነበር። ሰውየው ሲቆም ግፊቱ 0.5 ሜጋፓስካል ነው። ጎንበስ ብሎ 20 ኪሎ ሲያነሳ 2.3 ገባ። አጥንቱ እስኪያያዝ ይሄን ሁሉ የሚሸከሙት ኬጁና አከርካሪዎቹን ከኋላ የሚይዙት ብሎኖች ናቸው። ስለዚህ ጤፉን ሌላ ሰው ያንሳው።

ጥያቄ፦ ፕላስቲኩ ይሻላል ታይታኒየሙ?

መልስ፦ ፒክ የሚባለው ፕላስቲክ በራጅ አይታይም፤ ስለዚህ አጥንቱ መያያዙን ማየት ይቀላል። ግትርነቱም ለአጥንት ይቀርባል፤ ከ3 እስከ 4 ጊጋፓስካል ነው፣ የታይታኒየም ቅይጥ ግን 110 ገደማ። ሆኖም አጥንት ልሙጥ ፒክን እምብዛም አይወደውም። ሸካራና ባለ ቀዳዳ ታይታኒየም ላይ ግን ይበቅላል። ለሚከፈተው ኬጅ ቀጭን ጥርስና ሽብልቅ ስለሚያስፈልግ ታይታኒየም ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ኤርፖርት ላይ ይጮሃል?

መልስ፦ አልፎ አልፎ። የሐኪም ወረቀት ያዝ።

ጥያቄ፦ ውስጥ ሆኖ አይሰበርም?

መልስ፦ ከመሸጡ በፊት በማሽን ይጨመቃል፣ ይጠመዘዛል። የተለመደው መስፈርት 5 ሚሊዮን ዙር ነው። እኔ ግን ከስብራት ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ናሙናው ከማሽኑ ወርዶ ሲፈታ ሽብልቁ ላይ ጥቁር ዱቄት ካለ፣ ብረት ከብረት ጋር እየተፋጨ ነው ማለት ነው። ያ ዱቄት ሰው ውስጥ ቢሆን የት ሊሄድ ነው?

ጥያቄ፦ ኬጁ ውድ ነው። የተሻለ ለመሆኑ ማስረጃ አለ?

መልስ፦ ከቋሚው ጋር ያወዳደሩት ጥናቶች አይስማሙም። ቁመትና ማዕዘን ላይ የተሻለ ያገኙ አሉ፤ ሕመም ላይ ግን ግልጽ ብልጫ አልታየም። ቋሚውን በደንብ የሚያስገባ ሐኪም ካገኛችሁ ቅር አይበላችሁ።

ጥያቄ፦ እኛ አገር የቲቢ ጀርባ ብዙ ነው። ለእሱስ ይሆናል?

መልስ፦ ለዚያ ረዘም ያለ ዓይነት አለ፤ ቲቢ የበላው አከርካሪ ሲወጣ ባዶውን ቦታ ይሞላል። የሚገርመው፣ አከርካሪን የማያያዝ ቀዶ ሕክምና የተጀመረውም በዚሁ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ኒው ዮርክ ውስጥ አልቢና ሂብስ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በየፊናቸው ሠሩት። አልቢ ከሕመምተኛው ቅልጥም አጥንት ቆርጦ ነበር የተከለው። መድኃኒቱ ግን አይቀርም፤ ብረቱ ቲቢን አይገድልም።

ጥያቄ፦ ያው ተማሪው ነኝ። ለመመረቂያ ምን ልሥራ?

መልስ፦ ሰበቃውን ነጥለህ አጥንቱ ላይ በእውነት የሚያርፈውን ኃይል ለካ። ታይታኒየም አያስፈልግህም። አሥር እጥፍ አሳድገህ በተራ ብረት በቶርኖ አውጣው፣ ከላይና ከታች በአጥንት ፈንታ ፎም አድርግ፣ ሥሩ የኃይል መለኪያ ሴንሰር ክተት። አንዴ ደረቅ፣ አንዴ ዘይት ቀብተህ አዙር። ኃይሉ ሳይለወጥ የሚያስፈልግህ ቶርክ ስንት እንደሚወርድ ጻፍና ላክልኝ።