የጠቆረ ፊት፣ አረንጓዴ ነጥብና ያ ርካሽ ፊልተር

ከሐረር ጀጎል አንዲት እህት ጻፈችልኝ። ካሜራዋ ካኖን 700ዲ ነው፣ ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8። ማምሻው ላይ ሙሽሮችን በሐረሪ ቤት ውስጥ ታነሳለች፣ በሩን ከኋላቸው አድርጋ። ፊታቸው ይጠቁራል። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 6400 ስታደርሰው ፎቶው ነጠብጣብ ይሞላል። ምስሉ በሙሉ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። በሩ ከላይ በግራ ሲሆን፣ ከታች በቀኝ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ትወጣለች። ፍላሽ ስትጠቀም ደግሞ ፊቱ ይነጣል፣ ቤቱ ይጨልማል። ፍላሹ አልሞላ ብሏት የሰፈር ጠጋኝ ከፍቶ ነካክቶታል። "ካሜራ ልቀይር ወይ?" ትላለች።

አትቀይሪ፣ እህቴ። ገንዘብሽን ያዢ።

እኔን ያስጠረጠረኝ ያቺ ነጥብ ናት። ደማቁ ነገር በአንድ ጥግ፣ ነጥቧ ደግሞ መሐሉን አልፋ ትክክል በተቃራኒው ጥግ ከወጣች፣ ብርሃኑ ከፊልተር መስታወት ላይ ነጥሮ እየተመለሰ ነው ማለት ነው። ሌንሱ ፊት ላይ ፊልተር አለ አይደል? "ከጭረት ይጠብቅልሻል" ብለው የሸጡልሽ? የብርሃን ነጸብራቅን የሚቀንስ ቅብ የሌለው ተራ መስታወት ነው። ደህና ሌንስ ገዝቶ ፊቱ ላይ የመስኮት መስታወት መግጠም! ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ በ1883 (እንደ ፈረንጆቹ) ሐረር ላይ ራሱን ፎቶ አንስቶ፣ ለቤተሰቡ ሲልክ ፎቶዎቹ የነጡት ባጠበበት መጥፎ ውሃ ምክንያት መሆኑን ጽፎላቸዋል። እሱስ ጥሩ ውሃ አጥቶ ነው፣ አንቺ ግን ከፍለሽበት ነው።

ፊልተሩን ፍቺው። አንድ ከነፊልተሩ፣ አንድ ያለ ፊልተር አንሺና አስተያዪ። ነጥቧ ትጠፋለች፣ ከጭጋጉም አብዛኛው አብሯት ይሄዳል። ጭጋጉ ካልሄደ የስልክሽን መብራት በሌንሱ ውስጥ አሳልፈሽ እዪ። የጣት ቅባት ከሆነ መጀመሪያ አቧራውን በእጅ ፓምፕ አራግፈሽ በመነጽር ጨርቅ ጥረጊው። በሻርፕ ጫፍ አይደለም! ስንት ሌንስ እንደዚያ ተፍቆ ቅቡ ተልጦ እጄ ገብቷል።

ስለ ፍላሹ አሁኑኑ ልንገርሽ፣ በኋላ እንዳይረሳ። ሁለተኛ እንዳይከፈት። አንቺም፣ ያ ጠጋኝም። ውስጡ ያለው ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ፣ 300 ቮልት ገደማ ይይዛል፣ ባትሪው ከወጣም በኋላ። ሰው ይጥላል።

አሁን ወደ ጠቆረው ፊት። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሺኝ፣ ይህን ነገር ማስረዳት እወዳለሁ። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ሙሽራ አያውቅም፣ በር አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ከፊቱ ያለውን ሁሉ አማክሎ መካከለኛ ግራጫ ማድረግ። የወደቀበትን ብርሃን 18 ከመቶ የሚመልስ ግራጫ። ነጭ ግድግዳ ብቻ አሳዪው፣ ግራጫ ያደርገዋል። የከሰል ክምር አሳዪው፣ እሱንም ግራጫ ያደርገዋል። ሞክሪው፣ ደቂቃ አይፈጅም። አሁን በሩን አስቢ። በሩ ከሙሽራዋ ፊት በ5 ስቶፕ (የብርሃን እርከን) ቢበልጥ፣ እያንዳንዱ ስቶፕ እጥፍ ስለሆነ፣ 32 እጥፍ ይደምቃል። መለኪያው ያን ድምቀት ያይና "ኧረ በዛ" ብሎ ሁሉንም ያወርደዋል። ፊቷም አብሮ ይወርዳል። ካሜራው አልተሳሳተም፣ የታዘዘውን ነው የሠራው።

ስለዚህ ሌላ እዘዢው። መለኪያውን ስፖት ላይ አድርጊ፣ የመሐሉን ትንሽ ቦታ ብቻ እንዲለካ። የፍሬሙን መሐል ጉንጯ ላይ አሳርፊ፣ ልኩን የሚይዝልሽን የኮከብ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጫኚ፣ ከዚያ ፍሬምሽን አስተካክለሽ አንሺ። አንድ ነገር ልጨምር። የፈረንጅ መጽሐፍ "ከፊት ላይ ለክተህ አንድ ስቶፕ ጨምር" ይላል። እሱ ለነሱ ፊት ነው። ሙሽራዋ ጠይም ከሆነች መለኪያው የሚፈልገው ግራጫ አካባቢ ስለሆነች እንዳለ ተዪው። ቀይ ከሆነች ከ1/3 እስከ 2/3 ስቶፕ ጨምሪ። ጠቆር ያለች ከሆነች በዚያው ልክ ቀንሺ፣ በጣም ለጠቆረች እስከ 1 ሙሉ ስቶፕ። ጠይሟን ቀይ አድርጎ ማውጣት ሙያ አይደለም። በስልክ አፕ ፊት ማንጣቱንም ተዪው፣ የላክሽልኝ ሁለተኛው ፎቶ ላይ ቆዳዋ ፕላስቲክ ሆኗል።

በሩ ከኋላ እንዲሆን የግድ ከፈለግሽ፣ ይነጣል። ፊቷንም በሩንም አንድ ላይ አታገኚም፣ ብርሃን ካልጨመርሽ በቀር። እኔ ብሆን ግን ሙሽራዋን አዞራት ነበር። ከበሩ ሁለት ሜትር ያህል ወደ ውስጥ፣ በሩ በጎኗ። በሩ ያኔ ጠላትሽ መሆኑ ይቀርና ትልቅ ለስላሳ መብራት ይሆንልሻል። ነጩ ግድግዳ ከወዲያ በኩል ብርሃን ይመልሳል። ከቀዩ ነደባ፣ ከሐረሪ ቤት መደብ፣ ግን ተጠንቀቂ፣ ቀለሙን አገጯ ላይ ይጥላል። ከፍሬሙ ውጪ በሆነው በኩል ነጭ አንሶላ አንጥፊበት። አምፖሉንም አጥፊው፣ የበሩ ብርሃን ሰማያዊ፣ አምፖሉ ቢጫ ሆኖ ፊቷን ለሁለት ይከፍሉታል።

መነሻ ይሁንሽ፤ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 2.2፣ ሹተሩ (የማንሻው ፍጥነት) 1/125 ሰከንድ፣ አይኤስኦ 1600፣ ፋይሉ ራው (ያልተነካካ ጥሬ ፋይል)። ከጨለመ 3200 አድርጊ፣ አትፍሪ። በ1600 ጨልሞ ወጥቶ በኋላ ከሚነጣው፣ በ3200 በልኩ የተነሳው ይጠራል። ደጅ ማንሳት ከፈለግሽ ደግሞ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለችው ብርሃን 20 ደቂቃ ገደማ ናት። እኛ አገር ምሽት ቶሎ ይገባል። ቀድመሽ ተዘጋጂ።

ፍላሽ ካስፈለገሽ፣ ሌላ ጤነኛ ፍላሽ ተዋሺ። ኤም ላይ፣ ሁሉን ራስሽ በምትወስኚበት፣ ሆነሽ 1/60፣ ኤፍ 2.8፣ አይኤስኦ 800። የፍላሹን ጭንቅላት በጎን ወዳለው ነጭ ግድግዳ አዙሪና ኃይሉን በ1 ስቶፕ ቀንሺ። ፊት ለፊት ስለተኮስሽ ነው ፊቱ የነጣው፣ አይኤስኦው ዝቅ ሹተሩም ፈጣን ስለሆነ ነው ቤቱ የጨለመው። ሹተሩን ግን ከ1/200 አታሳልፊ፣ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ይወጣል።

ፊልተሩን ፈትተሽም ጭጋጉ ካለ ሌንሱን ይዘሽ ወደ ድሬዳዋ ውረጂ፣ ከዚራ ሰፈር ነኝ። ያን ፍላሽም ባትሪውን አውጥተሽ አምጪው። እንዳትከፍቺው ብያለሁ።