የአያትዎን ማሾ ከመለኮስዎ በፊት

ከአያትዎ ቤት ቆጥ ላይ ያወረዱትን የነሐስ ማሾ፣ ማለትም በፓምፕ አየር ተነፍቶ የሚበራውን የላምባ ፋኖስ፣ ፎቶ አይቼዋለሁ። ጥያቄዎ ሁለት ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳይበራ የኖረ ማሾ ላምባ ተሞልቶለት ለእኅትዎ ሠርግ ቢለኮስ ይነሣል ወይ፣ ላምባ ከጠፋስ ቤንዚን ይሆነዋል ወይ የሚል። ሁለተኛውን ላስቀድም፤ ቤንዚን ፈጽሞ አይሆነውም። በሆዱ፣ ማለትም በላምባ መያዣው፣ ላይ 829 የሚል ቁጥር የተቀረጸበት ይህ ፔትሮማክስ የተባለ ማሾ በበርሊኑ የኤህሪክና ግሬትስ ፋብሪካ የተሠራው ለላምባ ነው። የላምባ ትነት ክብሪት የሚቀበለው ከ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ሲሆን፣ ቤንዚን ግን በእኛ በጎንደር የጥር ሌሊት ብርድ እንኳ ትነቱ ይቀጣጠላል። ከነበልባል ሥር በአየር በተነፋ ሆድ ውስጥ ቤንዚን ማስቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ ይገባዎታል። ከችርቻሮ የሚገዙት ላምባም ቤንዚን ሊቀላቀልበት ስለሚችል፣ አንድ ማንኪያ ያህል ደጅ በሳህን አፍስሰው ክብሪት ከሩቅ ያስጠጉለት፤ ወዲያው ቦግ ካለ አይጠቀሙበት።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስመለስ፣ ማሾው ይነሣል ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን ላምባና ክብሪት የመጨረሻዎቹ ናቸው። አባቴ በዚሁ በከተማችን ለሠርግና ለተዝካር ማሾ ያከራይ ስለነበር ልጅነቴ በእነዚህ ዕቃዎች መካከል አልፏል፤ ዛሬም ዘመድ ወዳጅ ከየጓዳው እያወጣ ያመጣልኛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያየሁት፣ አደገኛ የሆነው ጉድለት ሁሉ እሳት ሳይነካው በአየር ብቻ ራሱን የሚገልጥ መሆኑን ነው። ይህን እያወቅሁ አንድ ጊዜ ቸኮልሁ። አዘዞ ካለ ዘመዴ ቤት የመጣ፣ እንደ አዲስ የሚያብረቀርቅ ማሾ ነበርና ሳልፈትነው ሞልቼ ነፋሁት፣ ለኮስሁት። ሦስት ደቂቃ ያህል በደንብ ከበራ በኋላ በአንገቱ ዙሪያ በእርሳስ ከተበየደው መጋጠሚያ ላምባ ማላብ ጀመረ፤ ነበልባሉም ከላይ ወደ ሆዱ ወረደ። የአየር መልቀቂያውን ብሎን ፈትቼ እርጥብ ጆንያ ባልጥልበት ኖሮ የተቃጠለው ቅንድቤ ብቻ ባልሆነ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ባዶውን ሆድ ይፈትኑ። አሮጌውን ላምባ አፍስሰው፣ ውስጡን በጥቂት ንጹሕ ላምባ ሁለት ሦስት ጊዜ አጥበው፣ የሚወጣው ዝቃጭ እስኪጠራ ድረስ ይድገሙት። ውጪውን ለማጽዳት ሎሚ ወይም አቼቶ ይበቃል፤ አሞኒያ ያለበትን ማጽጃ ግን አያስነኩት፣ ነሐስን ከውስጥ እየሰነጠቀ ያደክመዋልና። ሆዱ ከደረቀ በኋላ ክዳኑንና የአየር ብሎኑን አጥብቀው፣ በአየር ግፊት መለኪያው ላይ ካለው ቀይ መስመር ግማሽ ያህል እስኪደርስ ብቻ ይንፉትና ሙሉውን በሳፋ ውኃ ውስጥ ይንከሩት። አረፋ ከየት እንደሚወጣ በእርጋታ ይመልከቱ። ከክዳኑ ከወጣ ጎሚኒው (የጎማ ማሸጊያው) ደርቋል ማለት ነው፤ ላምባን የሚችል አዲስ ጎሚኒ ቆርጦ መተካት ይቻላል። ከብየዳው ወይም ከነሐሱ ገላ ከወጣ ግን ሙጫም ሆነ ሳሙና አያድነውም፣ ማሾው ለመደርደሪያ ጌጥ ይሁን። አረፋ ባያዩም መርፌው የቆመበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርገው ያሳድሩት፤ ጠዋት ከቦታው ብዙ ካልወረደ ሆዱ ጤነኛ ነው። መለኪያው ራሱ ሞቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ሲነፉት መርፌው ካልተነቃነቀ በእርሱ ላይ ተማምነው አይቀጥሉ።

ፓምፑ ሁለት ዓይነት ሕመም አለው። እጀታው ያለምንም ተቃውሞ የሚገባና የሚወጣ ከሆነ ጫፉ ላይ ያለው የቆዳ ቆብ ደርቋል፤ አውጥተው ለአንድ ሌሊት ዘይት ውስጥ ይዝፈቁት፣ ጠርዙንም በጣትዎ ቀስ አድርገው ወደ ውጭ ይዘርጉት። አባቴ ሞራ ይቀባው ነበር፤ ለእኔ ግን ቀጭን የሞተር ዘይት ይሻለኛል፣ ሞራ በብርድ ይረጋልና። ቆዳው ከተሰነጠቀ ጫማ ሰፊ ዘንድ ከስስ ቆዳ አስቆርጦ፣ ርሶ እንዳለ በክብ ነገር ላይ ቅርጽ ማስያዝ ነው። ሁለተኛው ሕመም፣ ነፍተው እጅዎን ሲያነሡ እጀታው ብቻውን ወደ ላይ ሲገፋ ነው፤ ይህ በፓምፑ ግርጌ ያለው አየር እንዳይመለስ የሚከለክል ቫልቭ እያፈሰሰ ለመሆኑ ማስረጃ ነው። ሳይጠገን ቢለኮስ ላምባው በፓምፑ በኩል ወጥቶ እጅዎ ላይ ይመጣል።

ላምባው የሚተንበት ቱቦና ትነቱ የሚወጣበት ቀጭን አፍንጫ ብዙ ጊዜ በካርቦን የተዘጉ ናቸው። አፍንጫውን በወፍራም ሽቦ አይጎርጉሩ፤ ቀዳዳው ጥቂት እንኳ ከሰፋ ማሾው ለዘላለም ቢጫ ነበልባል ያለው ጥቀርሻ ተፊ ይሆናል። የላምባው መዝጊያ ሲዞር ከውስጥ ብቅ የሚለው ቀጭን ስፒል ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ዝጎ ከሆነ እርሱን ይተኩት። የፔትሮማክስ ቅጂ የሆኑ የቻይና ማሾዎች ዕቃ ሊገጥም የሚመስልበት ጊዜ አለና፣ ብሎን አልዞር ካለ አያስገድዱት።

በነበልባሉ ግሎ ብርሃን የሚሰጠውን መረብ በተመለከተ፣ የአሮጌው መረብ አመድ ቶሪየም የተባለ በጥቂቱ ጨረር የሚለቅ ንጥረ ነገር ሊኖረው ስለሚችል አቧራውን አይሳቡ፣ እጅዎንም ይታጠቡ። አወር ፎን ቬልስባክ የሚባለው ኦስትሪያዊ ኬሚስት በ1891 እ.ኤ.አ. በደረሰበት ቀመር 99 በመቶው የቶሪየም ኦክሳይድ፣ 1 በመቶው የሴሪየም ኦክሳይድ ነበር፤ ያ ነጭ ብርሃን የሚመነጨው ከነበልባሉ ሳይሆን ከዚህ ከጋለ አመድ ነው። አዲሱን መረብ ካሰሩ በኋላ ላምባ ሳይነፉ ደጅ ያቃጥሉት፤ ተኮማትሮ ነጭ አመድ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ በጣት ቢነኩት ይፈርሳል። የተቀደደ መረብ ይዘው እንዳያበሩ፤ በቀዳዳው የሚወጣው ነበልባል መስታወቱን ይሰነጥቀዋል።

ከዚህ በኋላ ነው የሙከራው ማብራት። ደጅ፣ ከሣርና ከዳስ ርቀው፣ አጠገብዎ እርጥብ ጆንያና አሸዋ አድርገው፣ ሆዱን እስከ ሦስት አራተኛው ብቻ ይሙሉ። ቱቦውን የምታሞቀውን ጽዋ በአልኮል ሞልተው መዝጊያው እንደተዘጋ ይለኩሱ። በጥር ብርድ አንድ ጽዋ አይበቃም፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙ፤ ሁለተኛውን የሚጨምሩት ግን የመጀመሪያው ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ ነው። ዳገም አረቄ ሞክሬ አውቃለሁ፤ ይነዳል፣ ነገር ግን ውኃው ስለሚበዛ ቱቦውን አያግለውም። የመጨረሻው አልኮል ሊያልቅ ሲል ጥቂት ነፍተው መዝጊያውን ቀስ አድርገው ይክፈቱ። ቢጫ ነበልባል ወደ ላይ ከወጣ ወዲያው ዘግተው እንደገና ያሙቁ። መረቡ ነጭ ሆኖ ሲያፏጭ እስከ ቀዩ መስመር ይንፉትና በየመካከሉ ሆዱን በእጅዎ እየዳሰሱ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፤ ሞቅ ማለት ያለ ነው፣ እጅ የማያስቀምጥ ትኩሳት ግን አየሩን ለቅቆ የማጥፋት ምልክት ነው። በሠርጉም ዕለት ዳሱ ተዘግቶ እንዳይበራ፣ የሚነፋውም ያልጠጣ አንድ ሰው ብቻ እንዲሆን ያድርጉ።

በፎቶው ላይ የአንገቱ ብየዳ በአንድ በኩል የጠቆረ ይመስላል። ውኃው ውስጥ ሲነክሩት መጀመሪያ እርሱን ይመልከቱና ያዩትን ይጻፉልኝ።