ደብዳቤው ለየትኛው መሥሪያ ቤት ይግባ?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ያለ የጭነት መኪና ባለንብረቶች ማኅበር ነን። ሁለት ነገር ከብዶናል፤ የከተማ የመኪና ማቆሚያ ክፍያ ጨመረ፣ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ደግሞ በመመሪያ ተጨማሪ ሰነድ ይጠይቀናል። ለ9 መሥሪያ ቤቶች በግልባጭ ጽፈን መልስ አጣን። ከማን እንጀምር?

መልስ፦ ሁለቱን ጉዳይ ለያዩ፤ ባለቤታቸው የተለያየ ነው። ግልባጩን ተዉት። ግልባጭ የደረሰው ቢሮ «ዋናው የተጻፈለት ይመልሳል» ብሎ ፋይል ውስጥ ያስቀምጠዋል።

የከበዳችሁን ግዴታ የጣለውን ሕግ ቅጂ እጃችሁ አስገቡና አዋጅ፣ ደንብ ወይስ መመሪያ እንደሆነ እዩ። የፌዴራል አዋጅ የሚሻሻለው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ደንብ በሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ መመሪያ ደግሞ ባወጣው መሥሪያ ቤት። ስለዚህ የመመሪያ ጉዳይ ይዞ መጀመሪያ ፓርላማ መሮጥ ድካም ነው። የአካባቢያችሁ ተመራጭ መመሪያ መሰረዝ አይችልም፤ ሚኒስትሩ በቋሚ ኮሚቴ እንዲጠየቅ ማድረግ ግን ይችላል። መሥሪያ ቤቱ ዝም ካለ ያኔ ሂዱበት።

ብዙ ማኅበራት የማይጠቀሙበት መሣሪያ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ነው። መሥሪያ ቤቱ ረቂቅ መመሪያውን ለሕዝብ አስተያየት ማቅረብ አለበት፤ ሳይመዘገብና ድረ ገጽ ላይ ሳይጫን ተፈጻሚ አይሆንም። መመዝገቡን ፍትሕ ሚኒስቴር ጠይቁ። ካልተመዘገበ፣ ሰነዱ ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለው ክርክር ውስጥ ሳትገቡ ጉዳያችሁ ይቀላል። የመጨረሻው በር የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ነገ ፈቃድ የሚያድስላችሁ ያው መሥሪያ ቤት ስለሆነ በክስ አትጀምሩ፤ ሆኖም የክስ ማቅረቢያ ጊዜ እንዳያልፍባችሁ ከጠበቃ ጋር ቀኑን ቁጠሩ።

የማቆሚያው ክፍያ ሌላ መንገድ አለው፤ ያ አዋጅ እንደ ኮምቦልቻ ያለ የክልል ከተማ አስተዳደርን አይመለከትም። ታሪፉን ያጸደቀው ማነው? ከክልል የመጣ ከሆነ ከንቲባውን መወትወት ዋጋ የለውም፣ ጉዳዩ ያለው ባሕር ዳር ነው። የከተማው ምክር ቤት ካጸደቀው ግን የሚሠራው የሰው ብዛት ነው። አባላቱን የመረጠው ነዋሪ ነውና ሹፌሮችን፣ ጋራዦችን፣ መኪና የሚያድርባቸውን ሆቴሎች ከጎናችሁ አሰልፉ። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ሚያዝያ ላይ ግቡ። ሰኔ ላይ ከደረሳችሁ ገቢው በዕቅድ ተይዟል፣ ማንም ሊነካው አይፈልግም።

ፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ዘንድ ግን የሚሰማው ቁጥርና ማስረጃ እንጂ የሰው ብዛት አይደለም። ደብዳቤው ከ2 ገጽ አይብለጥ፦ የመመሪያው ቁጥርና አንቀጽ፣ ሰነዱ በአንድ ጉዞ የሚያስወጣው ብርና የሚያቆመው ሰዓት፣ የ3 ወር ደረሰኝ በአባሪ። «ይሻሻልልን» ብላችሁ አታቁሙ። አንቀጹ እንዴት ቢጻፍ እንደምትፈልጉ ራሳችሁ ጽፋችሁ ስጡ፤ ባለሙያው ለአለቃው የሚያቀርበው ያንን ነው። ስታስገቡም ከመዝገብ ቤት የገቢ ቁጥርና ቀን ተቀበሉ።