የዋጋ ስምምነቱ ለምን እንደፈረሰ፦ ለጥያቄዎ መልስ

አራት ኪሎ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዱን ገጽ በ5 ብር ለመሥራት ተስማምተው ሳለ ለምን ሁለቱም ወደ 4 ብር እንደወረዱ ጠይቀዋል። ምክንያቱ የባለቤቶቹ ክፋት አይደለም፤ ጎረቤቱ በ5 ብር ቢጸና፣ 4 ብር የሚያስከፍለው ተማሪውን ሁሉ ይወስዳል፤ ጎረቤቱ ቢወርድ ደግሞ በ5 ብር የቀረው ማሽኑን አጥፍቶ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ሌላው ምንም ቢያደርግ ለእያንዳንዱ መቀነሱ ይሻለዋል። ሁለቱም 4 ብር ላይ መቆማቸው የናሽ ሚዛን ይባላል፤ የሒሳብ ሊቁ ጆን ናሽ በ1950 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ይህ ሚዛን ማንም ብቻውን ውሳኔውን ቢለውጥ የማይጠቀምበት ሁኔታ ነው እንጂ፣ ብዙዎች እንደሚያስቡት ለሁሉም የሚበጅ ውጤት ማለት አይደለም።

ግንኙነታቸው ማብቂያው ሳይታወቅ የሚደጋገም ቢሆን ግን፣ ዛሬ ያፈረሰ ነገ አጸፋውን ስለሚፈራ ስምምነቱ ሊጸና ይችላል። በፍርድ ቤት ማስከበሩን አያስቡት፤ የተወዳዳሪዎች የዋጋ ስምምነት በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው።