ናፍጣ ጨርሶ የቆመ ትራክተር አልነሳ ሲል፦ ጥያቄና መልስ

ሰኔ ገባ፤ ዝናቡ ወርዶ መሬቱ ለሰለሰ፤ ስልኬም ዕረፍት አጣ። የሚበዛው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ናፍጣ ጨርሶ ቆመ፤ ሞላንበት፤ አልነሳም አለ»። ትራክተር ስጠግን ነው የኖርኩት፤ ከደጀን እስከ ቡሬ ያልቆምኩበት ማሳ የለም። ስለዚህ «የቸገራችሁን ሁሉ ጠይቁኝ» አልኩ። የመጡትን እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ናፍጣ ስለጨረሰ ብቻ የቆመ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም። አየር ነው የገባበት። ፓምፕ ለማስፈታት አትቸኩሉ።

ከቢቸና፦ ጋሼ፣ ትራክተሩ የድሮ ማሲ ፈርጉሰን ነው። ትናንት ማታ ማሳ መሀል ናፍጣ ጨረሰ። 20 ሊትር ጨመርንበት። ከጠዋት ጀምሮ ሞተሪኖ (የማስነሻ ሞተሩን) ብናዞር ብናዞር አልነሳም። ባትሪውም እየደከመ ነው።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሞተሪኖውን ተወው። ናፍጣ ሲጫኑት አይጨመቅም፤ አየር ግን ይጨመቃል። የእነዚህ የድሮ ሞተሮች ኖዝል፣ ማለትም ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚረጨው፣ የሚከፈተው ግፊቱ ከ170 እስከ 250 ባር ሲደርስ ነው። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው 2 ባር ተኩል ቢሆን ነው፤ ልዩነቱን አስበው። ቱቦው ውስጥ አየር ካለ ፓምፑ የሚጨምቀው አየሩን ነው። አየሩ ተጨምቆ መልሶ ይለጠጣል፤ ኖዝሉ ሳይከፈት ይቀራል። ደግሞ ፓምፑ የሚለሰልሰው በናፍጣው ነው። ያለ ናፍጣ ብዙ ባዞራችሁት ቁጥር ውስጡ ይፋቃል።

ማርሹን ዜሮ አድርግ፣ የእጅ ፍሬን ያዝ። ከዚያ ናፍጣው የሚሄድበትን መንገድ ከሰልባትዮው (ከናፍጣ ማጠራቀሚያው) ጀምረህ ተከተል። የሰልባትዮው ቧንቧ መከፈቱን እይ። ቡሎን ከመፍታትህ በፊት ዙሪያውን በጨርቅና በናፍጣ አጽዳ፤ የገባች አሸዋ በኋላ ኖዝል ታበላሻለች። ከሞተሩ ጎን ትንሽ ፓምፕ አለች፤ እንደ ምላስ ያለች የእጅ ማንሻ አላት። የፊልትሮውን (የናፍጣ ማጣሪያውን) አናት ቡሎን አላላና ማንሻዋን ወደ ላይ ወደ ታች በላት። መጀመሪያ አረፋ ይወጣል። አረፋው ጠፍቶ ጥርት ያለ ናፍጣ ሲፈስ፣ ማንሻዋን ሳታቆም ቡሎኑን አጥብቅ።

ቀጥሎ ትልቁ የናፍጣ ፓምፕ ነው። በብዙዎቹ ማሲዎች ላይ ሁለት ትንንሽ የአየር ማስወጫ ቡሎኖች አሉት፤ አንዱ ጎኑ ላይ፣ አንዱ አናቱ ላይ። መጀመሪያ የጎኑን፣ ከዚያ የአናቱን በዚያው መንገድ ታስተነፍሳለህ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። አረፋው አልቆ ከመሰለህ በኋላም ትንሽ ጨምር፤ የተደበቀ አየር ዘግይቶ ይመጣል።

መጨረሻ ላይ ኖዝሎቹ ጋ ቱቦዎቹን የሚያስሩትን ዳዶዎች ግማሽ ዙር አላላ። ማጥፊያው ወደ ውስጥ መግባቱን አረጋግጥ፤ ተስቦ ከቀረ የቱንም ያህል ብትደክም አይነሳም። ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ክፈት። አንድ ሰው ሞተሪኖውን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ያዙር፣ ከዚያ ሁለት ደቂቃ ያሳርፈው። ከዳዶዎቹ ሥር ናፍጣ እየተተፋ ሲወጣ አንድ በአንድ አጥብቃቸው። መጀመሪያ እየተንገጫገጨ ይነሳል። ወዲያው ይስተካከላል። ባትሪው ከደከመ ከዚህ ሁሉ በፊት ቻርጅ አስደርገው።

ከደምበጫ፦ የእጅ ማንሻዋን ብመታትም ትላላለች፤ ምንም አይወጣም።

ሞተሩ የቆመበት ቦታ ነው። ፓምፗን ከውስጥ የሚገፋት የሞተሩ ጥርስ ገፍቷት ቆሟል፤ ስለዚህ ለእጅህ የተረፈ መንገድ የለም። ሞተሪኖውን ለአንድ አፍታ ነካ አድርገህ ሞተሩ ትንሽ ይዙር፣ እንደገና ሞክር። አሁንም ካልመጣ ግን የውስጧ ጎማ ተቀዶ ይሆናል። የዘይት መለኪያውን አውጣ። ዘይቱ ጨምሮ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ከሆነ ሞተሩን እንዳታስነሳው። ፓምፗም ዘይቱም ይቀየር።

ከመራዊ፦ በቆጋ መስኖ ነው የማርሰው። አየሩን አወጣን፣ ተነሳ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ጠፋ። ደግመን አወጣን፣ ደግሞ ጠፋ። ሦስት ቀን ሆነን።

አይዞህ። አየር እየተመለሰ ከሆነ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ከሰልባትዮው እስከ ትንሿ ፓምፕ ያለው መስመር ናፍጣን እየሳበ ነው የሚሠራው። እዚያ ላይ ያለ ስንጥቅ ናፍጣ ላያንጠባጥብ ይችላል፤ አየር ግን ይስባል። ደረቅ ነው ብላችሁ አትለፉት። የተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ፣ የላላ ማሰሪያ፣ ፊልትሮ ሲቀየር ያልተቀየረ የመዳብ ሮንዴላ (ቡሎን ሥር የሚገባ ቀለበት) አንድ በአንድ እዩ።

ከዚያ በፊት ግን የሰልባትዮውን ክዳን ተመልከት። አንዴ ከሉማሜ ወዲያ ያለ ገበሬ እንዳንተው ተቸግሮ ፓምፑን ሊያስፈታ ደርሶ ነበር። ስደርስ ክዳኑን ስከፍት «ፍስስ» አለ፤ አየር ወደ ውስጥ ገባ። ክዳኑ ላይ ያለችውን መተንፈሻ ቀዳዳ ጭቃ ደፍኗታል። ናፍጣው ሲወርድ በምትኩ አየር ካልገባ ሰልባትዮው ውስጥ ባዶነት ይፈጠራል፣ ናፍጣውም አልወርድም ይላል። በሽቦ ጠረግናት። ያን ቀን ማታውን ሲያርስ አመሸ። አንተም ሲጠፋብህ ክዳኑን ክፈትና ጆሮህን ስጥ።

ከሞጣ፦ በአየር መግቢያው ቤንዚን ብናስገባስ? ጎረቤታችን በዚያ ነው አስነሳሁ የሚለው።

በፍጹም። ቤንዚኑ ያለጊዜው ፈንድቶ ፒስተን ሊሰብር ይችላል፤ ፊትህንም ሊያቃጥል ይችላል። አየሩ ካልወጣ ደግሞ ቢነሳ እንኳ መልሶ ይጠፋል።

ከጮቄ ግርጌ፦ የእኛ ሲዞር ነጭ ጭስ ያወጣል እንጂ አይነሳም። አየር ነው?

ነጭ ጭስ ካለ ናፍጣው ሲሊንደር ደርሷል፤ ያልተቃጠለው ነው የሚጨሰው። እናንተ ዘንድ ጠዋት ብርድ ነው፤ ማሞቂያው መሥራቱንና ሞተሪኖው በፍጥነት ማዞሩን እዩ። ምንም ጭስ ከሌለ ግን ናፍጣ አልደረሰም፤ ለቢቸናው የነገርኩትን አድርጉ።

ከፍኖተ ሰላም፦ የእኛ አዲስ ነው፤ በኮምፒውተር የሚሠራ። ዳዶዎቹን ማላላት እንችላለን?

አትንኩት። በእነዚህ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር ይበልጣል። ፊልትሮው ጋ ባለው የእጅ ፓምፕ ጠንከር እስኪል ግፉ፣ ከዚያ ማስነሳት ሞክሩ። ካልሆነ የድርጅቱን ባለሙያ ጥሩ።

ከደብረ ኤልያስ፦ በኩታ ገጠም ስንዴ የምንዘራ ነን። ናፍጣ በጄሪካን ነው የምናገኘው። ዳግመኛ እንዳይጨርስብን ምን ላድርግ?

እህቴ፣ ይህን ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። ጄሪካኑ አንድ ሌሊት ሳይነቃነቅ ይደር። ውሃ ከናፍጣ ይከብዳል፤ ሥር ይቀመጣል። ከላይ ቅጂና የታችኛዋን አንድ ሊትር ተያት። ጨርቅ ቆሻሻ ይይዛል እንጂ ውሃ አያስቀርም። ሰልባትዮውን ማታ ሥራ ስትጨርሱ ሙሉት፤ ባዶ ካደረ በብርዱ ውስጡ ጤዛ ይይዛል። ዳገት ላይ ስታርሱ ናፍጣው ወደ አንድ ጎን ስለሚሸሽ ሩብ ያህል ቀርቶም አየር ሊስብ ይችላል። ስለዚህ እንጨት አስገብታችሁ ለኩ፤ መለኪያውን ብቻ አትመኑ።

ከዳንግላ፦ ኖዝል ፈትተን ስንሞክር የልጄ ጣት ላይ ረጨ። ትንሽ ነጥብ ብቻ ናት። አይደማም፣ ብዙም አያመውም። ምን ልቀባው?

ምንም አትቀባው። አሁኑኑ ተነስና ሆስፒታል ውሰደው። በዚያ ግፊት የወጣ ናፍጣ ቆዳውን በስቶ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሥጋውን ከውስጥ ይጎዳል። ሰዓታት ካለፉ ጣቱን ሊያሳጣው ይችላል። ሐኪሙ ቁስሏን አይቶ ቀላል ነው ብሎ እንዳይመልሳችሁ፣ «በከፍተኛ ግፊት የተረጨ ናፍጣ ነው የገባው» ብለህ ንገረው። ስትደርስ ደውልልኝ።